አንደኛ ምርጫዋ ሙቀት

ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሊገባለት ያለ ወላጅ ከሩቅ ይታወቃል። ስልኩን ከኪሱ ያወጣል፣ ያያል፣ መልሶ ይከታል። «እንዴት ነህ?» ስትሉት «ምደባው እስካሁን አልወጣም» ይላችኋል። እናንተ እኮ የጠየቃችሁት ስለ ጤናው ነው።

ዘንድሮ እኔም እንደዚያ ሆኜ ነበር። አሰላ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ብርዱ ምስጋና ይግባውና ኮትና ካፖርት የሚያሰፋ ሰው አጥቼ አላውቅም። በዚያ ሰሞን ግን እጄ ሌላ፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። የአንዱን ደንበኛዬን ሱሪ ኪሱን ደፍኜ ሰፍቼ ሰጠሁት። በማግስቱ እጁን የሚከትበት አጥቶ ተመልሶ መጣ። «ልጄ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ እየሞላች ነው» አልኩት። ወዲያው ገባው። ከኢተያ ስንዴ እያመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ አምና ልጁ ሲሞላ የአንዱን ደንበኛ ስንዴ ወስዶ ለሌላው እንዳራገፈ ነግሮኝ፣ ሱሪውን ጥሎልኝ ሄደ።

ልጄ ሰሚራ ትባላለች። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን አልፋለች። የዛሬን ፈተና ማለፍ ቀላል እንዳይመስላችሁ! ውጤቷን የሰማን ቀን እናቷ ዘይነባ እልል አለች፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ እኔም ጭንቀት የሚባል ነገር ከቤታችን ወጣ ብዬ በጊዜ ተኛሁ። ለካ ገና መግባቱ ነበር። ተማሪው የሀገሩን ዩኒቨርሲቲዎች ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል ይመርጣል፣ ከዚያ በኮምፒውተር ይመደባል። የት ትሁን ታዲያ?

ሰሚራ መልሷ የተዘጋጀ ነበር። «አባ፣ እኔ ሙቀት ያለበት ሀገር ነው የምፈልገው» አለች።

እውነቷን ነው። ይቺ ልጅ ከተወለደች ሹራብ አውልቃ አታውቅም። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ የተነሳችውን ፎቶ ብታዩ፣ ከውስጥ የለበሰችው ቀሚስ ምን ዓይነት እንደሆነ ማንም አይነግራችሁም። አንድ ቀን እንኳ በቀሚስ ብቻ ደጅ መውጣት አማራት። ስለዚህ አንደኛ ምርጫዋ አርባ ምንጭ ሆነ። እናቷ «ወባስ?» አለች። ቀጥላም የቤታችንን ትልቁን ጥያቄ ጠየቀች፤ «እዚያ ዘመድ አለን?» እኛ ዘንድ ከተማ በሁለት ይከፈላል። ዘመድ ያለበትና ዘመድ የሌለበት። የኛ ዘመዶች ያሉት ደግሞ ጮሌና በቆጂ ነው። በቆጂ ሄዳችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ለልጅቷ ሙቀት ፍለጋ እንደማይሆን አልነግራችሁም።

እኔ ሻዬን ማማሰል ያዝኩ። ዝም ያልኩት ሐሳብ አጥቼ አይደለም። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ፤ ሲበሉም ሲቀመጡም ድምፃቸው አይሰማም። ቤቱን ቤት ያደረገችው ሰሚራ ናት። ስትስቅ ሱቄ ድረስ ይሰማኛል። እሷ ከሄደች እኛ ሦስት ወንዶች ፊት ለፊት ተቀምጠን ምን እንባባላለን? ከተማችን ዩኒቨርሲቲ አላት። ከሱቄ በር ላይ ቆሜ አጥሩ ይታየኛል። እዚያ ብትማር ምናለ? ግን ይህን በየትኛው አፌ ልንገራት?

ኦቦ ገመቹ ደረሱልኝ። ጎረቤቴ ናቸው፣ ጡረታ ወጥተዋል፣ ልጆቻቸውን ሁሉ ዩኒቨርሲቲ አስገብተዋል። በኛ ሰፈር በዚህ ጉዳይ ከሳቸው በላይ የሚሰማ ሰው የለም። ወደ ጥግ ወሰዱኝና «ሁሴን፣ ልጅቷ ቅርብ እንድትሆንልህ ትፈልጋለህ?» አሉኝ።

«እንዴት አልፈልግም፣ ኦቦ!»

«እንግዲያው አሰላን መጨረሻ ላይ ታድርገው።»

ግራ ገባኝ። እሳቸው ግን ማስረጃ ነበራቸው። የመጀመሪያው ልጃቸው ጅማን መረጠ፣ ጎንደር ደረሰው። ሁለተኛዋ ከሱ ተምራ ጎንደርን መረጠች፣ ጅማ ደረሳት። ኮምፒውተሩ የምትፈልገውን ካወቀብህ አይሰጥህም አሉ። ሳቅሁ። ማታ ግን ስገላበጥ ነገሩ እውነት እየመሰለኝ መጣ። የጨነቀው ሰው ምን የማያምነው አለ?

ጠዋት ሰሚራን ጠርቼ «አሰላን መጨረሻ ላይ አድርጊው» አልኳት። ልጅቷ ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ለካ «እዚሁ ሁኚ» ይለኛል ብላ ስትፈራኝ ነበር! «እንዳንተ ያለ አባት የለም» አለችኝ። አንድ ምርጫ ሞላን፤ እሷ እንድትሄድበት፣ እኔ እንዳትሄድበት። ዱዓ ሲደረግም አንድ ሽማግሌ «ኸይር፣ መልካም ነገር ያለበት ቦታ ያድርሳት» ሲሉ ሁላችንም «አሚን» አልን። ሁሉም ቦታውን በሆዱ ይዞ ነው።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ዘይነባ ጭኮ ማዘጋጀት ያዘች። የገብስ ዱቄቱ በቅቤ ታሽቶ መንገድ ቢረዝምም አይበላሽማ። ጎረቤት ብርድ ልብስ አመጣ፤ ለአርባ ምንጭ! ሰሚራ ደግሞ ከገበያ ስስ ጨርቅ ገዝታ መጣች። አበባ አበባ ያለበት፣ ንፋስ የሚያሳልፍ። «አባ፣ ለሙቀቱ ቀሚስ ስፋልኝ» አለች። ቆረጥኩት። ከቆረጥኩ በኋላ ግን አልሰፋሁትም። በኦቦ ገመቹ አካሄድ ከሆነ ቀሚሱ ምን ያደርግላታል? በጠየቀችኝ ቁጥር «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እላለሁ፣ እሷም ታምነኛለች።

ምደባው የወጣ ቀን ሱቄ ውስጥ ነበረች። ስልኳን አየች። እኔ እሷን አየሁ። ኔትወርኩ ሄደ፣ መጣ፣ እንደገና ሄደ። እኔ ክር በሌለው መርፌ እሰፋለሁ። በመጨረሻ ቀና አለችና «አሰላ» አለች።

«አልሐምዱ...» ብዬ ጀመርኩ። አልጨረስኩትም። ልጄ ታለቅሳለች። እንባዋን የምትጠርገው በሹራቧ እጅጌ ነው። ስመኘው የነበረው ነገር እጄ ገብቶ እንዲህ የሚያስከፋኝ አይመስለኝም ነበር። ኦቦ ገመቹ በዚያው ሰዓት በር ላይ ብቅ ብለው «አላልኩህም?» አሉ። ሽማግሌ ባይሆኑ ኖሮ መቀሱን እወረውርባቸው ነበር። በኋላ አንድ አስተማሪ እንዳስረዳኝ፣ አርባ ምንጭንና ቀጥለው ያሉትን የመረጠው ተማሪ ብዙ ስለነበር በውጤት ተቀድማ፣ ቦታ የተረፈው አሰላ ብቻ ሆኖ ነው። ኮምፒውተሩ የማንንም ሆድ አላወቀም። ይህን ለኦቦ ብነግራቸው «እሱማ እንዲህ ብሎ ነው የሚሸፍነው» አሉ።

ሰሚራ አልቅሳ ስትጨርስ አንድ ውሳኔ ወሰነች። «ዶርም ነው የምገባው። እስከ እረፍትም ቤት አልመጣም» አለች። እናቷ «ከዚህ እዚያ?» ብላ ጮኸች። «አርባ ምንጭ ብሆን በየሳምንቱ እመጣ ነበር?» ብላ መለሰችላት። ምን ይባላል? ሻንጣው ወጣ፣ ብርድ ልብሱ ወጣ፣ ጭኮው ወጣ። ጎረቤት ተሰብስቦ አለቀሰ። ባጃጅ ላይ ወጥታ «ስደርስ እደውላለሁ» አለችን። ዘይነባ እንባዋን ጠርጋ ሳትጨርስ ስልኩ ጮኸ። ደርሳለች።

እውነትም አልመጣችም። ቤቱ እንደፈራሁት ሆነ። ሦስታችን እንቀመጣለን፣ ወንዶቹ ዝም፣ እኔም ዝም። በሩ ላይ ቆሜ የዩኒቨርሲቲውን አጥር አያለሁ። የኦቦ ገመቹ ልጅ ከነበረበት ጎንደር ይልቅ ይሄ አጥር ራቀኝ። ናፈቀችኝ፣ ምን ልደብቃችሁ።

አንድ ቀን ያንን የቆረጥኩትን ጨርቅ አወጣሁ። ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቼ ቀሚሱን ሰፋሁት። እንደዚያ ተጠንቅቄ የሙሽራም ልብስ ሰፍቼ አላውቅም። ወስጄ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ለጥበቃው ሰጠሁላትና ተመለስኩ። እስከ እረፍት አልመጣም ብላለች፤ እኔም ሩቅ ሀገር ሳይጠሩኝ አልሄድም።

በማግስቱ ጠዋት ደወለች። «ደረሰኝ፣ አባ።»

«ልክሽ ነው?»

«ልኬ ነው።» ልጁ ሩቅ ያለበት ወላጅ በስልክ ምን ይጠይቃል? እሱኑ ጠየቅኳት። «እዚያ አየሩ እንዴት ነው?»

ከፋት ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ያ ሳቋ፣ ሱቄ ድረስ ይሰማ የነበረው፣ በስልኩ ውስጥ መጣ።

«ኧረ ሙቀቱ አይቻልም፣ አባ! ሹራቤን አውልቄ ቀሚሱን ብቻ ነው የለበስኩት!» ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል።

በሩ ላይ ወጣሁ። ጭላሎ ተራራ ደመና ተከናንቧል፣ ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ሰዉ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ይሮጣል። የካፖርቴን ኮሌታ ወደ ላይ ሰበሰብኩ።

«ውሃ በደንብ ጠጪ፣ ልጄ» አልኳት።