ተራው ያልደረሰ አባት

ትናንት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ቁልጭ ባለችበት፣ ጌታመሳይ ሕልም አየ። ጤነኛ ሰው በዚያ ሰዓት ሥራው ላይ እንጂ ሕልሙ ላይ አይገኝም፤ እሱ ግን ተገኘ። ምክንያቱ ደግሞ የልጁ የወተት ጥርሶች ናቸው።

ጌታመሳይ ደሴ መናኸሪያ ውስጥ ተራ አስከባሪ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሚኒባስ ሲያሰልፍ፣ ሾፌር ሲገሥጽ፣ "ተራህን ጠብቅ!" እያለ ሲጮህ ድምፁ የጎረነነ ሰው ነው። ታዲያ ከሦስት ወር በፊት የጥርስ ሐኪሟ ዶክተር አዜብ የዘጠኝ ዓመት ልጁን የአርሴማን አፍ አይታ፣ "አራቱ የወተት ክራንቻዎች ቀድመው ይነቀሉ። ዋናዎቹ ጥርሶች ቦታ አጥተው እየተጣመሙ ነው፤ ቦታ ከለቀቅንላቸው ቀጥ ብለው ይወጣሉ" ስትለው፣ ነገሩ ጨርሶ አልዋጥልህ አለው።

"ዶክተር፣ እነዚህ ጥርሶች እኮ አይነቃነቁም" አላት።

"አውቃለሁ።"

"ተራቸው ሳይደርስ ማስወጣት ግፍ ነው። ከኋላ ያለው ይጠብቅ!"

"ከኋላ ያለው እየጠበቀ ነው የተጣመመው" አለችው።

ሦስት ወር አንዴ ጉንፋን፣ አንዴ ፈተና፣ አንዴ ለቅሶ እያለ ገፋው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ፈርቶ ነው። በሾፌሮች ጠብ መሀል እየገባ ስንቱን የገላገለ ሰው፣ የልጁን ጩኸት መስማት አይችልም። ትናንት ጠዋት ግን ባለቤቱ ዘርትሁን መረራት። "አንተ ስለፈራህ ልጄ ጥርሷ ተወለጋግዶ ይቅር? ሳታስነቅል እዚህ ቤት እንዳትመጣ!" ብላ ሁለቱንም ከቤት አስወጣቻቸው። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ያደረው ጌታመሳይ የአርሴማን እጅ ይዞ ሄደ። ከሕክምናው ወንበር አጠገብ ቆመ። ዶክተር አዜብ የማደንዘዣውን መርፌ አነሳች።

ከዚያ ጌታመሳይ ራሱን መናኸሪያ ውስጥ አገኘው።

መናኸሪያው መናኸሪያ ነው፤ ሥራው ግን ተገልብጧል። ሚኒባሶቹ ተሰልፈው ሰው ይጠብቃሉ። ሰው ደግሞ ሚኒባስ እያዘለ ወደ ኮምቦልቻ ይሄዳል። አንድ ሰማያዊ ሚኒባስ፣ ሁለት ሚኒባስ ጀርባቸው ላይ የደረቡ ባልቴት እግር ሥር ወድቆ ይለምናል።

"እማማ፣ እኔ አንድ ትርፍ ብቻ ነኝ። ጠጋ አድርገው ይጫኑኝ።"

"ትርፍ አልጭንም አልኩህ! ትራፊክ ቢይዘኝ አንተ ትከፍልልኛለህ?"

ጌታመሳይ ሥርዓት ሊያስይዝ ፊሽካውን ወደ አፉ ቢያስጠጋ፣ ፊሽካው ቀድሞ እሱን ነፋው። በሁለቱም ጆሮው "ፊው!" የሚል ድምፅ ወጣ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው፤ እሱም አፈረ።

አርሴማ የእሱን ጃኬት ለብሳ መጣች። እጅጌው መሬት ይጠርጋል።

"ና፣ ቀጠሮ አለህ" አለችው።

"የት ነው የሚወስዱኝ?" አላት። ልጁን አንቱ ማለቱ ለራሱም ገረመው፤ ምላሱ ግን ሌላ አልታዘዝ አለው።

ወዲያው ክሊኒክ ደረሱ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ልጆች በየወንበሩ ተቀምጠዋል፤ አባቶቻቸው ጭናቸው ላይ ሆነው ያለቅሳሉ። አንድ ጺማም ሰውዬ የልጁን አንገት አንቆ፣ "ወደ ቤት እንሂድ! ከእንግዲህ አላስቸግርም!" ይላል። የስድስት ዓመት ልጁ ጀርባውን መታ መታ እያደረገ፣ "ቶሎ ያልቃል። ስንወጣ ጋዜጣ እገዛልሃለሁ" ይለዋል። በሩ ላይ በትልቁ "አባት ቀድሞ መንቀያ" ተብሎ ተጽፏል።

ሐኪሙ ሰባት ዓመት የሚሆነው፣ የፊት ጥርስ የሌለው ልጅ ነው። የለስላሳ ሳጥን ላይ ቆሞ አንድ ሜትር የሚያህል ጉጠት ይወለውላል። ጌታመሳይን ሰላም ሳይለው ራጁን ወደ መስኮቱ አነሳ። ራጁ ላይ የሚታየው የጌታመሳይ ቤት ነበር። ሳሎኑ መሀል እሱ ራሱ ሶፋውን ሞልቶ ተቀምጧል። ከጀርባው፣ ግድግዳው ውስጥ፣ አንዲት ረጅም ሴት ተጣጥፋ ተኝታለች። ጉልበቷ አገጯን ነክቷል፤ አንገቷ ወደ ቁም ሣጥኑ ዞሯል።

"ይቺ ማን ናት?" አለ ጌታመሳይ።

"ትልቋ አርሴማ ናት። የሃያ አምስት ዓመቷ። መውጫ አጥታ ነው።"

ጌታመሳይ ወደ ራጁ ተጠጋ። "ታዲያ ለምን ጠጋ በል አላለችኝም?"

"ብላሃለች። አንተ 'ቆይ' አልካት።"

"እሺ፣ ተራዬ ይድረስ እንጂ! ሲደርስ እኔው ራሴ እወጣለሁ!"

"አባት ሁሉ እንደዚህ ይላል" አለ ሐኪሙ ወደ አርሴማ ዞሮ። "በራሱ የወጣ አንድም አላየሁም። ይነቀል?"

አርሴማ ከንፈሯን ነክሳ ጥቂት አሰበች። "ያመዋል?"

"እሱን አያመውም። እርስዎን ትንሽ ያምዎታል።"

"እሺ፣ ይነቀል" አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ።

ሐኪሙ ጌታመሳይን በሁለት ጆሮው ይዞ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ነቀነቀው። "ሥሩ ረጅም ነው፤ መናኸሪያ ድረስ ሄዷል" እያለ በጉጠቱ ወገቡን ያዘ። ቧ! ጌታመሳይ ከወለሉ ተነቀለ። ምንም አላመመውም፤ ያናደደውም ይኸው ነው።

አርሴማ እንደ ወለቀ ጥርስ ጨብጣ ወደ ግቢ ወጣችና ቤታቸው ጣሪያ ላይ ወረወረችው። ልጅ ሁሉ ጥርሱ ሲወልቅ እንደሚያደርገው ጮክ ብላ፣ "ቁራ ቁራ፣ አሮጌውን አባቴን ወስደህ አዲሱን ስጠኝ!" አለች።

ቆርቆሮው ላይ ሌሎች አባቶች ተደርድረው ዳማ ይጫወታሉ።

"አንተን ለምን ነቀሉህ?" አለው አንዱ።

"ቦታ ይዘሃል ተብዬ።"

"እኔን ደግሞ ለጥንቃቄ ነው አሉ" አለና ጠጠሩን ገፋ።

ቁራው ከረባት አስሮ መጣ። የጌታመሳይን ግንባር ሁለቴ በመንቁሩ ቆረቆረና ወደ ታች ተጣራ። "እመቤት! ይሄ ገና ይሠራል። ከፈለጉ ግን ምትክ አለኝ፤ አንድ ጎበዝ አባት፣ ምንም የማይፈራ።"

"ምንም?" አለች አርሴማ።

"መርፌም አይፈራ፣ እባብም አይፈራ።"

አርሴማ ቁራውንና አባቷን እያፈራረቀች አየች። ጌታመሳይ በዕድሜው እንዲህ ያለ ጭንቅ አይቶ አያውቅም። ልጁ በሌላ አባት ልትለውጠው ነው፤ ደግሞ የተባለው ሰውዬ ከእሱ እንደሚሻል ልቡ ያውቀዋል። "እኔም አልፈራም!" ብሎ ጮኸ። ጣሪያው ላይ ያሉት አባቶች ቆርቆሮው እስኪንኳኳ ሳቁበት።

ያን ጊዜ የቤቱ በር ተከፈተና ትልቋ አርሴማ ወጣች። ቀጥ ብላለች። ቁመቷ ጣሪያውን አልፎ ፊት ለፊት ተያዩ።

"ቀጥ ብለሻል! ልጄ፣ ቀጥ ብለሻል!" እያለ ጌታመሳይ በደስታ አለቀሰ።

"እመቤት፣ ውሳኔዎን እየጠበቅኩ ነው" አለ ቁራው። "ይሄኛው ወይስ ያኛው?"

ሁለቱ አርሴማዎች፣ ትንሿም ትልቋም፣ ለመመለስ እኩል አፋቸውን ከፈቱ። ጌታመሳይ መልሱን ለመስማት ተንጠራራ። ቆርቆሮው አዳለጠው፤ ቁልቁል ወረደ።

ዓይኑን ሲገልጥ ክሊኒኩ ወለል ላይ ተንጋሎ፣ እግሮቹ ወንበር ላይ ተሰቅለው፣ አንዲት ነርስ አልኮል የነካ ጥጥ አፍንጫው ሥር ይዛለታለች።

"መርፌውን ሲያዩ ራስዎን ሳቱ" አለችው ዶክተር አዜብ ሳቋን እየዋጠች። "ከዚያ ደግሞ እንቅልፍ ወሰደዎት። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንኮራፉ።"

"አርሴማስ? ጥርሶቿስ?"

"የታችኞቹን ሁለቱን ነቅለናል። የላይኞቹ ለማክሰኞ ናቸው። ያኔ ግን እባክዎ፣ እናቷ ይዘዋት ይምጡ።"

አርሴማ ከወንበሩ ወርዳ አጠገቡ ተንበረከከች። ጉንጯ አብጧል፣ ከንፈሯ ደንዝዟል። የነከሰችውን ጥጥ በጣቷ አወጣችና፣ "አይሆንም፣ እሱ ነው የሚያመጣኝ" አለች በተኮላተፈ አንደበት።

"ለምን የኔ ቆንጆ?" አለቻት ዶክተሯ።

"መርፌውን ሳይ ልጮህ ነበር። አባዬ ዘፍ ብሎ ሲወድቅ ሳቄ መጣ። አፌን ከፍቼ ስስቅ ወጋሽኝ፤ ምንም አልተሰማኝም።" ወደ አባቷ ዞራ እጁን ያዘች። "አብሽር እሺ? ማክሰኞም ትወድቅልኛለህ አይደል?"

ጌታመሳይ ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ አልቻለም።

"እወድቅልሻለሁ" አላት።