ለግምት የመጡ እንግዶች

ሰው ስለ ቤቱ ለአማቱ ሲያወራና ለግብር ሰው ሲያወራ አድምጣችሁ ታውቃላችሁ? ስለ አንድ ቤት የሚናገር አይመስልም። ለአማቱ ያቺው ቤት ሰፊ ናት፣ ነፋሻ ናት፣ ሳሎኗ ብቻ ሰርግ ያስተናግዳል። የግብር ሰው በሩን ሲያንኳኳ ግን ጣሪያዋ ያፈስሳል፣ ግድግዳዋ ዘሟል፣ ባለቤቱንም ሳል ይጀምረዋል። ይህን ጠባይ የአገሬ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጁባ መጥቼ ምግብ ቤት ከከፈትኩ ወዲህ ግን በዚህ ጉዳይ የሰው ልጅ ሁሉ ወንድማማች መሆኑን ተረድቻለሁ። ከአንዲት እናት በስተቀር።

እኚህ እናት አከራዬ ማማ አቾል ናቸው። አትላባራ በሚባለው ሰፈር ሟች ባለቤታቸው የተዉላቸው ሰፊ ግቢ አላቸው። በመንገዱ በኩል ያለውን ግማሽ እኔ ተከራይቼ ጥብስና ሽሮ እሸጥበታለሁ። በጀርባ ባለው ግማሽ ደግሞ እሳቸው ከልጆቻቸው፣ ከልጅ ልጆቻቸውና ማን የማን እንደሆነ እስካሁን ካልለየኋቸው ዘመዶቻቸው ጋር ይኖራሉ። በመካከላችን የብሎኬት አጥር አለ፤ ድምፅ ግን አያግድም። ማማ ከወዲያ ማዶ “ያ ሀበሻ!” ሲሉ እኔ ከወዲህ “አቤት ማማ!” እላለሁ።

አንድ ቀን ጥሪው በሌላ ድምፅ መጣ። ብሄድ የግብር ግምት ማስታወቂያ በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ገማቾቹ በመንገድ ሲያልፉ የእኔን ታፔላ አይተው፣ አጥሩን ሳይሻገሩ፣ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር “ሆቴል” ብለው መድበውታል።

“የልጅ ልጆቼ የሚተኙበት ክፍል ሆቴል ነው?” አሉኝ።

የተጣለባቸው ግብር በእኔ ኪራይ የሚቻል አልነበረም። ወይ እኔ ከነታፔላዬ መውጣት ነበረብኝ፣ ወይ ግቢው መሸጥ ነበረበት። ማማ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ “ይግባኝ እንላለን!” አልኩ። ሕግ የተማርኩ እመስል ነበር።

ሀይ ጀላባ ሰፈር ሱቅ ያለው ወዳጄ ይህን ሲሰማ፣ “ይግባኝ ምን ያደርግልሃል? እዚያ ቢሮ የምናውቀው ሰው እንፈልግ” አለኝ። አያችሁ የእኛን ነገር! ችግር ሲገጥመን የሚያውቅ ሰው አንፈልግም፤ የምናውቀው ሰው ነው የምንፈልገው። በዚህ በኩል እኔ ቆራጥ ነኝ። አማራት ሰፈር ቢሮ ያለው ጋትልዋክ የሚባል የንብረት ግምት ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ ግን በስደት አዲስ አበባ ነው ያደገው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትሰሙት መርካቶ የቆማችሁ ይመስላችኋል።

ጋትልዋክ መጥቶ ግቢውን ለካ፣ አጥሩን ፎቶ አነሳ፣ ሁለቱን በሮች በፕላን ላይ አሳየ። “ግብሩ በዛ ብለን አንከራከርም፤ በዛ የማይል የለም” አለ። “የምንከራከረው ስለ ምድቡ ነው። የፊቱ ንግድ፣ የኋላው መኖሪያ።” ይግባኙን ጽፎ አስገባ፤ ይግባኝ ሰሚው ኮሚቴ ቦታው ድረስ መጥቶ ሊያይ ወሰነ። ያኔ ጋትልዋክ ማማን አስቀምጦ መከራቸው። “ምንም ነገር አይንኩ። የታጠበው ልብስ እንደተሰጣ ይቆይ፣ ልጆቹም ይንጫጩ። ቤት ቤት ይምሰል።”

“ማፊ ሙሽኪላ!” አሉ ማማ። ችግር የለም።

ችግርማ ነበረ። ለካ ማማ የሰሙት “ሰዎች ይመጣሉ” የሚለውን ብቻ ነው። በቀጠሮው ዕለት ጋትልዋክና እኔ ስንገባ የተሰጣ ልብስ የለም። ልጆቹ አክስታቸው ዘንድ ተልከዋል። ግቢው ተጠርጎ ውኃ ተረጭቶበታል። ከዛፉ ሥር ጠረጴዛዎች ነጭ ጨርቅ ለብሰው ተደርድረዋል፤ ዙሪያቸውን የፕላስቲክ ወንበር። የወንበሮቹ ጀርባ ላይ በቀይ ቀለም የምግብ ቤቴ ስም ተጽፏል። ገና በጠዋቱ ከወጥ ቤት ሠራተኛዬ ተውሰው ኖሯል!

“ማማ፣ ምን አደረጉ?”

“እንግዳ የተዝረከረከ ቤት ይግባ ወይ?” ብለው ተቆጡኝ።

ወዲያው ኮሚቴው ደረሰ፤ መነጽር ያደረጉ ዝምተኛ ሰብሳቢና አንዲት ባልደረባቸው ነበሩ። ሰብሳቢው የወንበሩን ጀርባ ቀስ ብለው አነበቡ። “ለመኖሪያ ቤት፣ በደንብ ተደራጅቷል” አሉ። እኔ አንድ ውሸት ለመጀመር አፌን ስከፍት ጋትልዋክ ክንዴን ያዘኝ። “ወንበሮቹ ከፊት ካለው ምግብ ቤት የመጡ ናቸው፤ ለእናንተ ክብር ሲባል” አላቸው። ሰብሳቢው “እህ” ብቻ አሉ። ስንት ሰው ስንት ነገር ሲላቸው የኖሩ ሰው ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን በልቤ ታፔላዬን አወረድኩ።

ክፍሎቹን ዞረው ሲያበቁ ማማ ሳላበላ አልለቅም አሉ። የተጠበሰ ዓሣ ኪስራ ከሚሉት ስስ እንጀራቸው ጋር ቀረበ። በሉ፤ ያውም በደንብ። ሰብሳቢው እጃቸውን ታጥበው ሲጨርሱ፣ በነጻ በላ እንዳይባሉ የሚጠነቀቁ ሰው ኖረው፣ ከኪሳቸው ብር አወጡ።

“ሂሳባችን ስንት ነው?”

ማማ አቾል የያዙትን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

“ጉሩሽ? ፊ ቤት ታይ?” ጮኹ። ገንዘብ? በቤቴ? “እናትህ ዘንድ ስትበላ ትከፍላለህ? ማን ነው ያሳደገህ?” ሰብሳቢው ብሩን ወደ ኪሳቸው ሊመልሱ ሲሞክሩ ኪሱ ጠፋቸው። እንደ ተማሪ ቆመው “ይቅርታ ማማ፣ ይቅርታ” ይላሉ። ማማ መች ሰምተው! ከአጥሩ ወዲያ የእኔ ደንበኞች ሳይቀሩ መብላታቸውን አቁመው ያዳምጡ ነበር።

ማማ ትንፋሽ ሲወስዱ ጋትልዋክ ረጋ ብሎ፣ “ሰብሳቢ፣ ሂሳብ ሲጠየቅ የሚቆጣ ሆቴል አይተው ያውቃሉ?” አለ።

መጀመሪያ የሳቀችው ባልደረባቸው ናት። ቀጥሎ ሰብሳቢው ራሳቸው።

ውሳኔው ጋትልዋክ እንዳለው ሆነ፤ የፊቱ ንግድ፣ የኋላው መኖሪያ። ማማ ከግቢያቸው፣ እኔም ከታፔላዬ ጋር ቀረን። ጋትልዋክን “ዕድለኛ ነህ፣ ማማ ባይቆጡ አልቆልን ነበር” ስለው፣ “ባለሙያ ማለት እኮ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት የሚያውቅ ነው” አለኝ። እኔን ክንዴን ይዞ ዝም ማሰኘቱንም ሙያ ውስጥ ቆጥሮታል መሰለኝ።

አሁን ሰብሳቢው በአትላባራ በኩል በምሳ ሰዓት ካለፉ መኪናቸውን በራፌ ላይ ያቆማሉ። ሞቅ አድርገው ሰላም ይሉኛል፣ ስለ ሥራዬም ይጠይቁኛል፤ ከዚያ አልፈውኝ በኋላው በር ወደ ማማ ይገባሉ። በንግድ የተመደብኩት እኔ፣ ደንበኛው የእሳቸው። ባለፈው ሳምንትማ ጋትልዋክም አብሯቸው ነበር። ቅር ብሎኝ ትንሽ ቆምኩ። ኋላ ምግብ ቤቱን ለሠራተኛዬ አደራ ብዬ ተከተልኳቸው። ምን ላድርግ? የማማ ዓሣ ከእኔ ጥብስ ይጣፍጣል።