ግቢያችን የተረጨ ዕለት

ባለቤቴ ትርሲት ካረፈች ሰባት ወር ሆናት። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ትኋን ነው።

ስለራሱ ትኋን የሚያወራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? አይመስለኝም። ስለ ኑሮ ውድነት ሁሉም ያወራል። ስለ ጨጓራውም ያወራል። ኪንታሮቱን ሚኒባስ ውስጥ ለማያውቀው ሰው ከነዝርዝሩ ሲተርክ የሰማሁት ሰውዬ አለ። ትኋን ግን የማንም አይደለም። ቡራዩ በምንከራይበት ግቢ ስድስት ቤት አለ። ስድስቱም ቤት ትኋን የለበትም። ስድስቱም ቤት ያክካል። "ሙቀቱ ነው" እንባባላለን፤ ነሐሴ ላይ፣ ጃኬት ለብሰን።

ከየት እንደመጣ ግን አውቃለሁ። ከለቅሶዬ ነው የመጣው። ለቅሶ ሲሆን ዘመድ ያድራል። ከሰበታ መጡ፣ ከሱሉልታ መጡ፣ ከተፍኪም መጡ። እድራችን ድንኳንና ወንበር አለው፤ ፍራሽ ግን የለውም። ስለዚህ ፍራሽ ከየጎረቤቱ ተሰበሰበ። አሥራ አንድ ፍራሽ። ሲመለስ የትኛው የማን እንደሆነ የሚለይ ጠፋ። ሁሉም ወፈር ያለውን እያየ "ይሄ የኔ ነው" ብሎ ወሰደ። ትኋኑም አብሮ ተከፋፈለ። በዚህ ግቢ እንደዚያ በእኩል የተከፋፈለ ነገር አላየሁም። መብራት እንኳ እንደዚያ አይደርሰንም።

ከዚያ በኋላ ጎረቤት ቤቴ መቀመጥ አቆመ። ሊጠይቁኝ ይመጣሉ፤ በር ላይ ቆመው ያወራሉ፤ ይሄዳሉ። ሙሉጌታ የሚባል ባንክ የሚሠራ ጎረቤት አለኝ። በፊት ሶፋዬ ላይ ተዘርግቶ ኳስ የሚያይ ሰው ነው። እሱም ቆሞ ማውራት ጀመረ። ኳስ ሲኖር ደግሞ የራሱን የፕላስቲክ በርጩማ ይዞ ይመጣል። ወገቡን እንደሚያመው ነገረኝ። ወገቡን የሚያመው ሰው በርጩማ ይመርጣል? እኔ ሐዘኔ የሰለቻቸው መሰለኝ። ሰባት ወር ቀላል አይደለም፣ አይፈረድባቸውም አልኩ። እኔም እነሱ ቤት ስሄድ ቆሜ ነው የማወራው። የኔ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ከሱሪዬ አንዱ ወርዶ ሶፋቸው ላይ ሲንሸራሸር እንዳይታይብኝ ነው።

ቤቴን ብቻዬን ተዋጋሁ። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። የአልጋውን ስንጥቅ በነጭ ጋዝ ቀባሁ። ልብስ የተባለ ሁሉ ተቀቀለ። አንድ ሹራብ ሲቀር። የትርሲት አረንጓዴ ሹራብ ነው። ልጄ ሶሊ አራት ዓመቷ ነው። ያንን ሹራብ ካላቀፈች አትተኛም። እናቷን ይሸታል፤ የፀጉር ቅባትና የሽንኩርት ቁሌት አንድ ላይ። እሷ ስትተኛ እኔም ቀስ ብዬ አሸተዋለሁ። ከታጠበ ሽታው ይሄዳል። ሌላ ቦታ የለም። ስለዚህ አላጠብኩትም፤ ስለዚህ ትኋኑም አልጠፋም።

ነገሩን አደባባይ ያወጣችው ሶሊ ናት። መምህሯ ልጆቹን እቤታችሁ ምን እንስሳ አለ ብላ ጠየቀች። አንዱ ውሻ አለ። አንዷ ድመት አለች። አንዱ ሀብታም ፈረስ አለ። ሶሊ እጇን አውጥታ ትኋን አለች። ስንት እንደሆኑም ልትቆጥር ሞክራለች አሉ። ማታ የመገናኛ ደብተሯን ስከፍት እንዲህ ይላል፦ "ልጅዎ ስለ ቤት እንስሳት ጥሩ ተሳትፎ አድርጋለች። እባክዎ መጥተው ያነጋግሩን።"

ስለ መድኃኒት ማሰብ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

አክስቴ እትዬ ዘነቡ በየቅዳሜው ከሰበታ ትመጣለች። የመድኃኒት ስም ስታነሱባት ታማትባለች። መድኃኒት የሚሉት ሰው እንዲገዛቸው ነው፤ መርዝ ብለው ቢሸጡት ማን ይገዛቸዋል ትላለች። ጎመን ስትገዛ ትል የበላውን መርጣ ነው። ትል ያልደፈረውን እኔ ምን ቤት ነኝ የምደፍረው ባይ ናት። ንግግሯ ልክ ይመስላል። ግን እቤቷ በረሮ ወጥቶ አንድ ሙሉ ጣሳ ስፕሬይ ስትጨርስበት በዓይኔ አይቻለሁ። ብጠይቃት ያኛው ሌላ ነው አለች። ያኛው ሎሚ ሎሚ ይላል።

አከራያችን አደ ጫልቱ ደግሞ የመድኃኒት ወዳጅ ናቸው። ልጅ ሆነው ቆላ ሳሉ የወባ ሰዎች መጥተው ግድግዳውን ዲዲቲ ሲረጩት ትኋን ድራሹ ጠፋ አሉን። ቁንጫም ጠፋ። ድመታቸውም ሞተች። እትዬ ዘነቡ "ይኸው" አለች። አደ ጫልቱ ግን አልተበገሩም። ድመቷ ብትሞትም አይጡም አብሮ ስለሞተ ሥራ አልነበራትም አሉ።

በመጨረሻ ረጪ ያመጡልኝ አደ ጫልቱ ናቸው። ኦቦ ዲንሳ ይባላሉ፤ የሱሉልታ ገበሬ ናቸው። አዘቦት ቀን ድንችና ስንዴ ይረጫሉ፤ እሑድ ቤት ይረጫሉ። በስልክ አንድ ነገር ለመንኳቸው። እባክዎ እንደ እንግዳ ይግቡ፣ ጎረቤት አይወቅ አልኳቸው። እሺ አሉ። እሑድ ጠዋት በጀርባ የሚታዘለውን መርጫ አዝለው፣ ላዩ ላይ ጋቢ ደርበው መጡ። ጀርባቸው የጎበጠ ሽማግሌ መሰሉ። ሙሉጌታ ደንግጦ ሮጦ ክንዳቸውን ያዘ። "አካም ቡልተኒ አባቴ፣ ቀስ ይበሉ" እያለ ደግፎ እቤቴ አደረሳቸው። ደጃፌ ላይ ሲደርሱ ጉብጠቱ ፍስስ አለና የሙሉጌታን አንገት አረጠበው። ቀና ብሎ አየኝ። ሄዶም አንገቱን ሁለት ጊዜ ታጠበ።

ኦቦ ዲንሳ ከመርጨታቸው በፊት ያስተምራሉ። እህል ይውጣ፣ ዕቃ ይውጣ፣ ሕፃን ዛሬ እዚህ አያድርም አሉ። ይጎዳል ወይ አልኳቸው። "ካልጎዳ ለምን ትከፍለኛለህ?" አሉኝ። ከዚያ ስለራሳቸው አወሩ። ድንቹን ባይረጩ በበሽታ ተቃጥሎ የጠቆረ ቅጠል ብቻ ያገኙ ነበር። ረጭተው ስድስት ልጅ አስተምረዋል። ግን ጓሯቸው የነበረው ንብ ጠፋ። ማለዳ ሳይሆን ንቡ አበባ ላይ በዋለበት ሰዓት ረጭተው ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው ይላሉ። አሁን ድንች ይሸጡና ማር ይገዛሉ። እኔ ስለዚህ ነገር ከሰማሁት ሁሉ እውነት የመሰለኝ ይሄ ነው። የሚደግፈውም የሚቃወመውም እኚሁ አንድ ሰውዬ ናቸው፤ ያውም መርጫው በጀርባቸው ላይ ሆኖ።

ከዚያ ሹራቡን አዩት። ሶሊ አቅፋዋለች። እሱ ንጹሕ ነው አልኳቸው። የአንገትጌውን ስፌት ገልበጥ አደረጉ።

"ሦስት አሉ" አሉ። "አንዷ እርጉዝ ናት።"

አንድ ጨርቅ ከተረፈ ዘር ተረፈ ማለት ነው አሉኝ። ይርጩት አልኩ። እምቢ አሉ። ሕፃን አፍንጫዋን የምትቀብርበት ልብስ ላይ እጥፍ ብትከፍለኝም አልረጭም አሉ። ያለው ምርጫ ሁለት ነው። ወይ ይቀቀል፤ ወይ ፌስታል ውስጥ ታስሮ ዓመት ሳይከፈት ይቀመጥ፤ በረሃብ ያልቃሉ። ዓመት ከታሰረ ሽታው አይጠፋም። ግን አይሸተትም። ሁለት ፌስታል ደራርቤ አሰርኩትና ብብቴ ስር ያዝኩት። ማታ እወስናለሁ አልኩ።

ኦቦ ዲንሳ ገና የኔን ቤት ሲጨርሱ የግቢው በር ሁሉ አንድ በአንድ መከፈት ጀመረ። ሙሉጌታ ቀረብ ብሎ እግረ መንገዳቸውን የኔንም ቢረጩልኝ አለ። በረሮ ናት አለ። ቀጥሎ ያሉት ባልና ሚስትም በረሮ አሉ። አምስቱም ቤት በረሮ ሆነ። ኦቦ ዲንሳ የማንንም ፊት አላዩም። "እሺ፤ በረሮዎቹ ያሉበትን ፍራሽ አውጡ" አሉ።

ግቢው ሙሉ ለቆ ወጣ። ምሳችንን ተሸክመን ገፈርሳ መንገድ ዳር ባሕር ዛፍ ስር ሰፈርን። መሬት ላይ ተቀመጥን። ከለቅሶው ወዲህ አብረን ስንቀመጥ የመጀመሪያችን ነው። ሣር የማንም ሶፋ አይደለም። እኔ ፌስታሌን ጭኔ ላይ አድርጌያለሁ። ቅዳሜ መጥታ ያደረችው እትዬ ዘነቡ ዳቦ መስሏት ለሰው ሳታካፍል ትበላለህ ወይ ብላ ወቀሰችኝ። ያን ጊዜ ዝም ማለት አቃተኝ። ትኋኑ ከኔ ለቅሶ ነው የመጣው፣ በናንተ ፍራሽ ነው የተከፋፈለው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ አልኩ።

ሙሉጌታ የያዘውን እንጀራ አስቀመጠ።

"የሶሊ አባት፣ ያዋስኩህ ፍራሽ ከድሮም ትኋን ነበረበት። ከኔ ነው የወሰድከው። ሰባት ወር ቆሜ የማወራህ ካንተ ሶፋ ሸሽቼ መሰለህ? ከሱሪዬ እንዳይወርድብህ ብዬ ነው። ሰውዬው ሐዘን ላይ ነው፤ ትኋን ልጨምርበት?"

እናንተ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ። ባልና ሚስቱ "አይደለም፣ የኛ ነው የቀደመው" አሉ። የመጨረሻው ቤት ልጅ እኔ ከጀሞ ስገባ ይዤው ነው የመጣሁት አለ። ለሰባት ወር ባለቤት ያልነበረው ትኋን አምስት ተከራካሪ ተነሣለት። አደ ጫልቱ ተቆጡ። መሬቱ የኔ፣ ቤቱ የኔ፣ ትኋኑ የተከራይ የሆነው በምን ሕግ ነው አሉ። ተከራይ ሳይገባ ጀምሮ ነበረ አሉ። ማንም ሊከራከራቸው አልደፈረም። ኪራይ ይጨምሩበታል ብለን ፈራን።

የፀረ ተባይ ጥቅም ምንድን ነው ብትሉኝ ይሄ ነው። ገና አንድ ትኋን ሳይሞት ጎረቤቶቼን መለሰልኝ።

ወደ ማምሻው እትዬ ዘነቡ ሶሊን ወደ ሰበታ ልትወስዳት ተነሣች። ሶሊ ሹራቡን አለች። ለዓመት ታስሯል አልኳት።

"ዓመት ስንት ቀን ነው?"

ብዙ ነው አልኩ።

"እኔ ነገ ነው የምፈልገው" አለች።

ሲታጠብ እማዬን እንደማይሸት ነገርኳት። ትንሽ አሰበች። እማዬ እኮ ሁልጊዜ ቅዳሜ ታጥባለች አለችኝ፤ እንደማያውቅ ሰው አየችኝ። እውነቷን ነው። ትርሲት ልብስ ከቅዳሜ ቅዳሜ ሳይታጠብ አይከርምባትም ነበር። እኔ ሰባት ወር አከረምኩት። አይታኝ ቢሆን ከነሹራቡ ነበር የምትቀቅለኝ።

ወደ ግቢ ተመለስኩ። ቤቱ ክፍት ሆኖ እየተናፈሰ ነው፤ ድንች ማሳ ድንች ማሳ ይሸታል። ደጅ ላይ ምድጃ ለኩሼ ድስት ጣድኩ። ውሃው ሲንፈቀፈቅ ፌስታሉን ፈታሁ። ሦስቱ አንገትጌው ላይ እንዳሉ አውቃለሁ፤ አንዷም እርጉዝ ናት። ፊቴን ቀበርኩበት። ቅባቱም አለ፤ ሽንኩርቱም አለ። አንዷ አፍንጫዬ ላይ ነከሰችኝ። እስክትጠግብ ዝም አልኳት። ከዚያ ሹራቡን ውሃው ውስጥ ጨመርኩና በማማሰያ ወደ ታች ደፈቅኩት።