እትዬ አስካለ ማልታን ሲሳለሙ

ሽርሽር ወጥቶ ተሳላሚ ሆኖ የሚመለስ ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? ካላጋጠመዎት ጄኔቭ፣ ሰርቬት ሰፈር ብቅ ይበሉና ጎረቤቴን እትዬ አስካለን ላስተዋውቅዎት።

ባለፈው ቅዳሜ አምስት ጎረቤታሞች ሆነን ማልታ ገባን። ፀሐይ! ባሕር! እኔ የዋና ልብሴን ስፈልግ እሳቸው እልልታውን አቀለጡት።

"ይኼ እኮ መላጥያ ነው! ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የወጣበት!"

ከነነጠላቸው ባሕሩ ውስጥ ገብተው ትልቅ ጠርሙስ ሞሉ።

እሑድ ስንመለስ የአውሮፕላን ማረፊያው ፈታሽ ውሃው ካልተደፋ አታልፉም አለን።

"ጸበል ይደፋል እንዴ? ምን ጉድ ነው!" አሉ እትዬ አስካለ ክዳኑን እየከፈቱ። "ልጆች፣ ተሰለፉ!"

ጸበል ነው ከተባለ ማን እምቢ ይላል? ጴንጤው ጓደኛችን እንኳ "እኔ የምጠጣው ጠምቶኝ ነው" ብሎ ተጎነጨ። ያን ሁሉ ጨው ፊታችንን ሳናጨማድድ ጨለጥነው።

ማጋነን አልወድም፤ ግን ገና ከመነሳታችን የሽንት ቤቱ ሰልፍ አብራሪው በር ደረሰ። ሁላችንም ሆዳችንን ይዘን ስናቃስት፣ ከሰልፉ ፊት የቆሙት እትዬ አስካለ በደስታ ዞር አሉ።

"አያችሁ? እየሠራ ነው!"