ድንኳን የማያልፈው አባቴ

ድንኳን አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ የማይችል ሰው ታውቃላችሁ? የማታውቁ ከሆነ አባቴን ላስተዋውቃችሁ። እንጅባራ ውስጥ እሱ ያልደረሰው ልቅሶ የለም። ሟቹን ማወቅማ ለእሱ ግዴታ አይደለም።

እናቴ ተድራ እዚህ ከመጣች ጀምሮ ዘንገና ሐይቅን ለማየት ስትመኝ ኖራለች፤ ሁልጊዜ ግን አንድ ልቅሶ ይቀድማታል። ባለፈው እሑድ እንደምንም ሦስታችንም በባጃጅ ወጣን። ብዙም ሳንርቅ መንገድ ዳር ድንኳን ታየና አባቴ ባጃጁን አስቆመ።

"ኧረ ተው፣ ዛሬን እንኳ" አለችው እናቴ።

"ሳንደርስ ብናልፍ ሰው ምን ይለናል?"

እናቴ ነጠላዋን ለሐዘን ዘቅዝቃ ለበሰች። እኔም አንገቴን ደፋሁ፤ ይህ እንኳ መቼም አያቅተኝም። አባቴ ገና ከበሩ "እግዜር ያጥናችሁ" እያለ ገባ። የተቀመጠው ሁሉ ጉርሻውን እንደያዘ ዞሮ አየን። ለካ ክርስትና ኖሯል፤ የሚያለቅሰው ሕፃኑ ብቻ ነበር።

ባለቤቶቹ እየሳቁ አስቀመጡን፤ ብሉልን ጠጡልን ሲሉን ዝናቡ መጣ፣ ቀኑም አለቀ።

ስንመለስ አባቴ "አይዞሽ፣ ሐይቁ የት ይሄዳል?" አላት።

እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች "ዳሩ ላይ ድንኳን ቢተከልለት ኖሮ ይኼኔ ደርሰህለት ነበር" አለችው።