ያልገዛኋት አይሱዙ

በዚህ አገር «የራሴ አለቃ ልሆን ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወይ ዘመድ የለውም፣ ወይ ለዘመዶቹ ገና አልነገራቸውም። እኔ ነገርኳቸው!

በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ። ሰቆጣ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የኢትዮጵያን መንገድ ሁሉ በጠመኔ ሠርቼዋለሁ፤ በእግሬ የረገጥኩት ግን እስከ ወልድያ ያለውን ነው። ዘንድሮ ታዲያ አንድ ሐሳብ እንቅልፍ ነሣኝ፦ ማስተማሩን ትቼ፣ ተበድሬ አሮጌ አይሱዙ ልግዛና ባለቤቷም ሹፌሯም እኔው ልሁን? ከአበርገሌ ፍየል ወደ ወልድያ፣ ከወልድያ ሲሚንቶ ወደ ሰቆጣ... ርእሰ መምህር የለ፣ ስብሰባ የለ፣ ዕቅድ አስገባ የሚል የለ! መንጃ ፈቃዱን በክረምቱ አውጥቻለሁ። የቀረኝ መወሰን ብቻ ነበር።

ስሕተቴ ምን መሰላችሁ? በሚካኤል ማኅበራችን ላይ ጠላው ሞቅ ሲያደርገኝ «መኪና ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ እያልኩ ነው» አልኩ። «ይቅርብኝ» የምትለዋን የሰማ የለም። አባ ተክሌ መስቀላቸውን አነሡ፤ «ጎማዋን ይጠብቅልህ፣ ከገደል ያውጣት!» ማኅበርተኛው በሙሉ «አሜን!» አለ። እኛ ዘንድ ደግሞ ማኅበር ላይ ተመርቆ አሜን የተባለ ነገር... አለ ማለት ነው።

«ላም አለኝ በሰማይ» ሲባል ሰምታችኋል። የእኔዋ ላም ገና ከሰማይ ሳትወርድ ጎረቤቱ ማለቢያ ይዞ ተሰለፈ።

«የልጄን ሚዜዎች አንተ ነህ የምትጭንልኝ» አሉ እማማ ጥሩ።

«እማማ፣ መኪናዋን ገና አልገዛሁም እኮ!»

«ሠርጉም ገና ነው።»

«የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድንጋይ ይፈልጋል» አሉ አባ። «ለነፍስህ ነው፣ ልጄ።»

ጎረቤቴ ጋሽ ካሣ ደግሞ «እኔ ወገቤን ያመኛል፤ ጋቢና ነው የምቀመጠው» ብለው ቦታቸውን ያዙ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ካሣ ወልድያ ለቅሶ ነበረባቸው። በአውቶቡስ ሄደው ተመለሱና ሰላምታ ነሡኝ። «ባለመኪና ጎረቤት እያለኝ!» ብለው ከሰሱኝ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። እኔም እንደ ልማዴ ዘርዝሬ አስረዳሁ፦ መኪና የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም፤ የሌለ ነገር መከልከል አይቻልም።

«ገባን፣ መምህር» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «መኪና የለህም። ግን ብትኖርህ ትወስዳቸው ነበር?»

ያን ቀን ፍየል ጭኜ ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ... እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ቆየሁ።

«አያችሁት? አመነታ!» አሉ ጋሽ ካሣ።

ተፈረደብኝ። የጋሽ ካሣን ጉልበት ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ።

መንገድ ላይ ሳስበው ነገሩ ተገለጠልኝ። ትምህርት ቤት ያለኝ አለቃ አንድ ነው፣ እሱም ማታ ማታ ይተኛል። አይሱዙዋን ብገዛ ግን ሠርግም፣ ለቅሶም፣ አጥርም አለቃዬ ሊሆን ነው። ወሰንኩ! በሚቀጥለው ማኅበር፣ ጠላ ሳልቀምስ ቆሜ፣ ድምፄን ክፍል ውስጥ እንደማደርገው ከፍ አድርጌ ተናገርኩ፦

«ወገኖቼ፣ መኪናዋን ትቻታለሁ። ማስተማሬን እቀጥላለሁ!»

ጋሽ ካሣ ዋንጫቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ሸጥካት?»

«ጋሽ ካሣ፣ አልገዛኋትም እኮ!»

«እሱስ ገብቶናል። ግን ለዘመድ ለጎረቤት ሳይነገር ለባዕድ ይሸጣል?»

እማማ ጥሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ያውም ተመርቃ!» አሉ።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመጣሉ። የገዢውን ስም ይዤ እንድጠብቃቸው ብለውኛል።