ልብ የቱ ጋ ይሰበራል?

ታሪክ የሚነበብበት ቦታ ሁሉ፣ ታሪክ የማያስነብብ አንድ ሰው አይጠፋም። ደራሲው "ልቡ ተሰበረ" ብሎ ሲጽፍ ሌላው ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ይሄ ሰው ግን "የቱ ጋ?" ይላል። እናንተም ሰፈር አለ። የእኛው ክቡር አናጢያችን ጋሽ ለመሆኑ ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ነገርን ሁሉ "ለመሆኑ" ብለው ስለሚጀምሩ ይሄንን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ።

ሶፋ በምንሠራበት ሶፋ ቤት ውስጥ ከምሳ በኋላ የስፌት መኪናው ይጠፋና ሁሉም በእጁ የሶፋ ቁልፍ ይሰፋል። ያኔ አንድ ሰው መጽሐፍ ያነብላቸዋል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ትምህርቴን ገና በጠዋቱ የተውኩ ብሆንም ሽማግሌ ከሆነ እስላለሁ፣ ሙሽራ ከሆነች እሽኮረመማለሁ። ለዚህ ውለታዬ ከስፖንጅ ጥቅጠቃ ነፃ ወጥቻለሁ። ትምህርት ቤት አንድም ቀን እንዲህ አልጠቀመኝም።

ግን ጋሽ ለመሆኑ አሉ።

"'ልቧን ሰጠችው'" ብዬ ድምፄን አቅጥኜ ሳነብ፣ መዶሻቸውን ያስቀምጣሉ።

"ለመሆኑ፣ እሷስ በምን ልትኖር ነው?"

"ወደደችው ማለት ነው፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ወደደችው አይልም? ቃል አለቀበት?"

"ልቡ ተሰበረ" ያልኩ ቀንማ "በሙጫ ይያዛል ወይስ ምስማር ይፈልጋል?" ብለው፣ የሶፋ ጨርቅ ሰፊዋ ስትስቅ ጣቷን በመርፌ ወጋች። "ልቡ ጠፋ" ስላቸው ደግሞ "የት አስቀምጦት ነበር?"

የሚገርመው እሳቸው ራሳቸው "ልብ አድርግ!" ሲሉ ነው የሚውሉት። አንዴ "ኧረ ልቤን አታድርቀው!" አሉኝ። ይህችን ቀን ስጠብቅ ነበር። በገዛ ድምፃቸው፣ ጉሮሮዬን እንደ እሳቸው ጠርጌ፣ "ለመሆኑ፣ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነው የደረቀው?" አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እሳቸው ግን ትንሽ አሰብ አደረጉና "እሱስ እውነትህን ነው" አሉኝ። ድሌን እንኳ በወጉ ሳላጣጥማት ቀረች።

ታዲያ ያለን መጽሐፍ ሁሉ ተነቦ አለቀ። የሶፋ ቤቱ ባለቤት እትዬ "መጽሐፍ ከሌለ ስፖንጅ አለ" አሉኝ።

"አዲስ አለኝ!" አልኩ ደንግጬ። አንዱን አሮጌ ልብ ወለድ በጋዜጣ ለበድኩና፣ ገልጬ ይዤ ከጭንቅላቴ ማንበብ ጀመርኩ። እንግዲህ ደራሲ ሆንኩ ማለት ነው። እንደ ደራሲም ልብ በልብ አደረግኩት፦ "የእናትየው ልብ ነደደ! ልጇን ስትጠብቅ ልቧ በሩ ላይ ተንጠለጠለ!"

"ለመሆኑ፣ ከነደደ በኋላ ምኑ ተንጠለጠለ?"

ሰፊዋ ሳቀች። እትዬ ወደ ስፖንጁ አዩ። ሌላ ልብ ብፈልግ አጣሁ፤ ያለኝን ሁሉ ጨርሻለሁ። ሲጨንቀኝ፣ ድምፄንም ሳልቀይር፣ ሴትየዋ ያደረገችውን ብቻ ተናገርኩ።

"በሩን ገርበብ አደረገችው። ተቀመጠች። ተነሳችና ወለል አድርጋ ከፈተችው። የልጇን ነጠላ ጫማ ጠራርጋ፣ ሲገባ እንዲያጠልቀው ደጃፉ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው።"

ሁላችንም "ለመሆኑ"ን ጠበቅን። የለም። ጋሽ ለመሆኑ ምስማር በከንፈራቸው እንደያዙ፣ መዶሻውም በእጃቸው እንዳለ ቀርተዋል። ሁሉም ዞሮ አያቸው።

"ምን ታፈጡብኛላችሁ?" አሉ ምስማሩን አውጥተው። "ያንብብ እንጂ!"

ደግነቱ እትዬ "በሉ መኪናውን አብሩት፣ የቀረው ነገ" አሉና ተረፍኩ።

ማታ ስንወጣ ጋሽ ለመሆኑ ክንዴን ያዙኝ።

"ለመሆኑ፣ ልጁ መጣ?"

"ገና አላሰብኩበትም!"

ምላሴን ብነክሰው ምን ዋጋ አለው፣ አምልጦኛል።

"እሱማ ገብቶኛል" አሉ። "ያን ሁሉ ስታነብ አንድ ገጽ አልገለጥክም እኮ፣ አንተ ሞኝ! ነገ እየገለጥክ አንብብ፤ እትዬ እንዳይነቁብህ።" ጥቂት ራመድ ብለው ተመለሱ። "ደግሞ ቶሎ አስብበት። ሴትየዋ በሩን ከፍታ እኮ ነው የተቀመጠችው። ብርድ ይመታታል።"

ቤቴ እስክደርስ በእሳቸው ድምፅ ራሴን እየጠየቅኩ ሄድኩ፦ ለመሆኑ፣ ልጁን ምን አቆየው? ላሾፍ ብዬ አልነበረም።